የሹባር ጭራ

መስከረም 3

አለንጋዬ ጠፋ። ኮርቻው ላይ ሰቅዬው ሻይ ልጠጣ ገባሁ፤ ስወጣ የለም። ባለቤቴን ባልሸከርን ብጠይቃት «ስትገባ በእጅህ ይዘኸው አልነበር እንዴ?» አለችኝ። በእጄ ቢሆን እጄ አያውቅም? ስፈልገው ውዬ ጋጣው ደጃፍ አፈር ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። አለንጋ እግር የለውም። አንድ ሰው ነክቶታል።

ይህን ደብተር መከር በገባ ቁጥር የማወጣው ለፈረሴ ለሹባር ስል ነው። ምን በላ፣ እንዴት አላበው፣ ከግልቢያ በኋላ ምን ያህል ታስሮ ቆየ፣ ሆዱ ገባ ወይስ አልገባም። ለኮክፓር፣ ለፍየል ንጥቂያው ግልቢያ፣ የሚዘጋጅ ፈረስ ቀን በቀን ካልተከታተሉት ይበላሻል። ዘንድሮ ግን ስለ ሰውም ልጽፍበት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ሹባር፦ አጃ ሁለት ጣሳ፣ ድርቆሽ። ላቡ ገና ወፍራም ነው፤ ጨው በዝቶበታል።

መስከረም 8

ቶክሳንባይ መጣ፤ ያ የሥጋ ነጋዴ። በጥቁር መኪናው ያስነሣውን አቧራ ሁሉ ሻያችን ላይ አራገፈልን። የልጅ ልጁን ሊያስገርዝ ነው። ኅዳር እንደገባ ትልቅ ኮክፓር ይደግሳል፤ ከካራታው ተራራ ማዶ ያሉት ፈረሰኞች ሳይቀሩ ተጠርተዋል።

«ጋሼ ሳርሰን፣ የዚህ መንደር ስም የሚነሣው በእርስዎ ነው። እርስዎ ከሌሉማ ምኑን ኮክፓር ሆነ?»

«አለሁ» አልኩት። «ፍየሉን ከመሬት የማነሣው እኔ ነኝ። ለማዶዎቹ ንገራቸው።»

ባልሸከር ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ አየችኝ። ምን አለ እንደዚህ የሚያስፈጥጥ?

ከዚያ ሰውየው ወደ ሹባር ዞሮ «ምን ያለ ፈረስ ነው!» አለ። እንትፍ እንትፍ አላለም! ምራቁን ሳይተፋ ፈረስ የሚያመሰግን ሰው ዓይኑ ክፉ ነው። «አይሸጡልኝም?» ሲለኝ «ኮርቻዬን በለኝ፤ ሱሪዬንም መርቄ እሰጥሃለሁ። እሱን ግን በሕልምህም አታንሣው» አልኩት። ሳቀ። ባልሸከር አልሳቀችም። «ለምን አይሸጥም? የሚገዛ ከተገኘማ» አለች፣ ሻዩን እየቀዳች። በእኔ ደጅ! በእኔ ፈረስ!

ሰውየው ሲሄድ «ምን ነካሽ አንቺ?» አልኳት።

«እኔን ምንም አልነካኝም። አንተን ነው የነካህ።»

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ከመቼ ጀምሮ ነው እነዚህ ሁለቱ በአንድ ቋንቋ የሚናገሩት?

መስከረም 12

ኦተገን መጥቶ ዋለ። አብሮ አደጌ ነው፤ በአንድ ዓመት ተወለድን። እኩያ ለእኩያው ያሻውን ይለዋል፣ የተቀየመ እሱ ይናቃል፤ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። ሠላሳ ዓመት ኮክፓር ላይ ጥንድ ነን። እሱ በፈረሱ በቶሪ ደረት የፈረሱን ግፊያ ይሰነጥቃል፣ እኔ በስንጥቁ ገብቼ ከኮርቻ ጎንበስ እልና ያንን ጭንቅላት የሌለው ፍየል ከመሬት አነሣለሁ። ከዚያ አለንጋ በጥርስ፣ ፍየሉ ከጭን ሥር፣ ሽው!

«አንተ ሽማግሌ፣ ዘንድሮስ ሹባር ላይ ራስህ ትወጣለህ ወይስ መሰላል ላምጣልህ?» አለኝ።

«መሰላሉን አስቀምጠው። አንተን ተሸክመን የምንመልስበት ቃሬዛ ይሆነናል።»

ባልሸከር እንኳ ሳቀች። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ኦተገን እኛ ቤት ነው ምሳው። ደግ ነው፣ ይብላ። ሰው ብቻውን መብላት አይችልም።

መስከረም 19

ልምምድ። የማይረባ ቀን።

እንደ ወትሮው ጎንበስ አልኩ። የፍየሉን የፊት እግር ያዝኩ። ጣቶቼ ሲጨብጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ቀና ስል ፍየሉ መሬት ላይ ነው። ደገምኩ። ያው። እግሩን በቅባት ያሸ ሰው አለ፤ ሌላ ምን ይሆናል? እጄን አሸተትኩት፣ ምንም አይሸትም። ሽታ የሌለው ቅባት አለ ይባላል፤ የማሽን። ቶክሳንባይ ደግሞ ማሽን ሞልቶታል።

ፍየሉን አልፈራሁትም፤ የኦተገንን ዝምታ ነው የፈራሁት። ድሮ አንድ ጊዜ ፍየል ከጣልኩ የወር ቀልድ ነበር። ዛሬ ቃል የለም። ቶሪን አስጠግቶ ፊቴን አፍጥጦ እያየ «እስቲ ስሜን ጥራ» አለኝ።

«ምን?»

«ስሜን። ማን ነኝ?»

«የአህያ ልጅ ነሃ!» ልለው አልኩ፤ ቃሉ አፌ ውስጥ ተንከባለለ። አቧራ ገብቶብኝ ነው። ሜዳው ሁሉ አቧራ ነበር።

የማይቀልድ እኩያ የሚደብቀው ነገር አለው። ይህን ጻፍ፣ ሳርሰን፣ አትርሳው።

መስከረም 25

ተታለልኩ። በስተርጅና እንደ ልጅ ተታለልኩ።

ባልሸከር «ጉልበቴን አሞኛል፣ ወደ ወረዳው ሐኪም አድርሰኝ» አለች። አደረስኳት። ለእሷ ጉልበት ሄደን የእኔን ክንድ ጠፍረው ይለኩ ጀመር። ሐኪሟ ትንሽ ልጅ ናት፤ ፀጉሯን እንደ ወንድ ተቆርጣለች። ፈገግ በሉ አለችኝ፤ ምን የሚያስቅ አይታ እንደሆነ እንጃ። ሁለት እጅዎን አንሡ አለችኝ። አነሣሁ። የቀኙ ቶሎ ወረደ፤ ሸክም የለመደ እጅ ስለሆነ ይደክመዋል።

«አባባ፣ ከእንግዲህ ፈረስ አይንኩ።»

«አንቺ ፈረስ ታውቂያለሽ?»

«ፈረስ አላውቅም። የደም ሥር ግን አውቃለሁ።»

ለእኔ ይህን ብቻ ነው ያለችኝ። የቀረውን ለባልሸከር ነገረቻት፣ በሩን ዘግተው። ስትወጣ የሻሽዋን ጫፍ ስታኝክ አየኋት። ጉልበቷ? ጉልበቷ ደህና ነው፤ ከእኔ ቀድማ መኪና ላይ ወጣች።

ኪኒን ሰጡኝ። አንዱን ዋጥኩ፤ ቀኑን ሙሉ አንቀላፋሁ። ፈረሰኛን ከሜዳ ለማስቀረት ከዚህ የቀለለ መንገድ አለ? አሁን ከምላሴ ሥር አቆይና ዞር ስትል አመድ ውስጥ እተፋዋለሁ።

ጥቅምት 1

ብርጭቆ ተሰበረ። በደንብ አልታጠበም ነበር፣ ያንሸራትታል። ባልሸከር ስብርባሪውን ለቀመችና የእንጨት ሳህን አመጣችልኝ። በእንጨት ሳህን ሻይ! እንደ ጨቅላ!

ሹባር፦ ላቡ ቀጠነ፤ እንደ ውሃ ነው። ሆዱ ገባ። እንዲህ አምሮበት አያውቅም፤ እንትፍ እንትፍ።

ጥቅምት 5

ከድርቆሹ ክምር ኋላ ሆነው ሲያወሩ ሰማኋቸው። ባለቤቴና ኦተገን። ልሰማ ብዬ አልነበረም፤ ሹባርን ላስር ስሄድ ነው። እሺ፣ ቆሜ ሰማሁ። በገዛ ግቢዬ ብቆምስ?

እሷ ታለቅስ ነበር። እሱ እንዲህ አለ፦ «ፈረሱ ካልቀረ እሱ አይቀርም። ታውቂዋለሽ።»

«እንግዲያው ፈረሱ ይቀራላ» አለች እሷ።

«እንዴት አድርገሽ?»

መልሷን አልሰማሁም፤ ሹባር አነጠሰ። ብቅ ስል ኦተገን ገለባ ከኮፍያው ላይ መልቀም ጀመረ። «ስለ ድርቆሽ ነው የምናወራው» አለ። በድርቆሽ የሚያለቅስ ሰው ዘንድሮ አየሁ።

እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው። ሹባርን ለቶክሳንባይ ሊሸጡት ነው። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር። ከዚህ የባሰም ሐሳብ መጣብኝ። ኦተገን ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። ምሳውን እኛ ቤት ነው የሚበላው።

ጥቅምት 6

ትናንት የጻፍኩትን የመጨረሻውን መስመር ሳነበው አፈርኩ። ባልሸከር! ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ምን ቀረኝ፣ እንዲህ ያለ ቆሻሻ ማሰብ? ግን አልሰርዘውም። ቢሆንስ?

ጥቅምት 9

ዛሬ በግልጽ ጠየቀችኝ። ምሳ በልተን ሳህኑን ሳታነሣ፣

«አንተ ሰውዬ፣ ዘንድሮ ተወው» አለች።

«ምኑን?»

«ታውቀዋለህ ምኑን።»

«ቃል ሰጥቻለሁ። ማዶ ድረስ ተሰምቷል። አሁን ብቀር ሳርሰን ፈራ ነው የሚሉት።»

«ይበሉ።»

«ካፈርኩ አይመልሰኝ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ገና አላፈርኩም!»

ሳህኑን ገፋ አደረገች። ከዚያ የአባቷን ነገር አነሣች፤ ሁልጊዜ እሱን ነው የምታነሣብኝ። አባቷ ኮክፓር ላይ ከፈረስ ወድቆ ሲሞት ትንሽ ልጅ ነበረች። እንደ ሥርዓቱ የሟች ፈረስ ጭራው ይቆረጣል፤ ዓመት ሙሉ ማንም አይጋልበውም፣ ለዓመቱ ሰደቃ ይታረዳል። ያ ጭራ የለሽ ፈረስ ደጃቸው ቆሞ ዝንብ መከላከል ሲያቅተው እሷ ቅጠል ይዛ ታባርርለት ነበር።

«ያን ቅጠል አሁንም በእጄ የያዝኩ ይመስለኛል» አለች።

አዘንኩላት። ውነቴን ነው። ግን ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? አባቷ ደካማ ጋላቢ ነበር፤ ሁሉም ያውቃል። ይህን አልነገርኳትም።

ጥቅምት 13

ጋጣው ላይ ቁልፍ አደረግሁ። ትልቁን፣ የመጋዘኑን። መክፈቻው አንገቴ ላይ ነው። ባልሸከር አየችና «ከማን ነው የምትጠብቀው?» አለች። ከማን እንደሆነ እሷ ትንገረኝ እንጂ!

እርካቡን ስረግጥ ቀኝ እግሬ ዘገየ። ጫማው ጠቦኛል። ነገ አሮጌውን አደርጋለሁ።

ጥቅምት 18፣ ዓርብ

እርሳሱ ሁለት ጊዜ ከእጄ ወደቀ። ከቁጣ ነው።

ለጁምዓ ሰላት ሄጄ ስመለስ የጋጣው ቁልፍ ክፍቱን ተንጠልጥሏል። ቆልፌው ነበር! መክፈቻውን አዙሬዋለሁ፤ እጄ ያስታውሳል። ገባሁ። ሹባር ዞሮ አየኝ። ጭራው የለም። ከሥሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ በመቀስ እኩል ተቆርጧል፤ ጉቶው ብቻ ሲወዛወዝ። አንድ ዘለላ ፀጉር እንኳ መሬት ላይ አልቀረም፤ ጠርገው ወስደውታል። ፈረሴ በጉቶው ዝንብ ሊመታ ሞከረ፣ አልደረሰለትም። አለቀስኩ። ማንም አላየኝም።

የጭራ ነገር ሁለት ነው። አንደኛው ለሞተ ሰው የሚቆረጠው ነው። እኔ ሞቻለሁ? አልሞትኩም። ስለዚህ ሁለተኛው ነው፦ ሁለት ወዳጆች ለዘላለም ሲለያዩ አንዱ የሌላውን ፈረስ ጭራ ይቆርጣል፤ ያኛውም አጸፋውን ይቆርጣል። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ የለ፣ ቀልድ የለ፣ ቀብር መድረስ የለ።

በሩ ላይ የፈረስ ኮቴ ዱካ አለ። የኋላ ግራ እግሩ የብረት ጫማ የተጣመመ። ቶሪ ነው፤ ያንን ጫማ የመታሁት እኔ ነኝ! ኦተገንም ዛሬ መስጊድ አልነበረም። ዓይኔ ሲፈልገው ነበር፣ ቦታው ባዶ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ግን እኔ እሱን መቼ ጠላሁት?

ባልሸከር ቤት ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታ ሊጥ ታቦካለች። «አየሽ ወዳጅሽ ያደረገውን?» አልኳት። አልዞረችም። ክንዷ ብቻ ሊጡ ውስጥ ቆመ።

ጥቅምት 19

ተፈጸመ። ባጭሩ ልጻፈው።

የበግ መሸለቻውን መቀስ ይዤ ወንዝ ወረድኩ። ሰው ሁሉ ከብት ያጠጣል። ኦተገን ቶሪን ይዞ ቆሟል። ሰው እየሰማ ጠየቅኩት፦ «የሹባርን ጭራ የቆረጥከው አንተ ነህ?»

 ከእኔ ትከሻ በላይ አሻግሮ ተመለከተ። ዞሬ ሳይ ባልሸከር ናት፤ ያለ ሻሽ፣ እጇ ላይ ሊጥ እንደደረቀ ቁልቁል እየሮጠች ትመጣለች። አፏን ልትከፍት ስትል ኦተገን ቀደማት።

«እኔ ነኝ» አለ፣ ጮክ ብሎ።

«ለምን?»

«ሰለቸኸኛ።»

ሌላ ሰው እንዲህ ቢለኝ በሳቅኩ ነበር። መቀሱን ከፈትኩ። አልዘጋ አለኝ፤ ዝጓል መሰለኝ። በሁለት እጄ ስታገል ኦተገን ራሱ የቶሪን ጭራ ሰብስቦ ያዘልኝ። ያዘልኝ! «ቀስ በል፣ ቆዳውን እንዳትነካው» አለኝ። ቆረጥኩ። ፀጉሩ ውሃው ላይ ወድቆ ሄደ።

ባልሸከር እመሃል መንገድ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። ሳልፍ አላነሣኋትም።

ልክ ነኝ። ልክ ነኝ። ታዲያ ለምንድን ነው ሰው ሁሉ እኔን ትቶ እሱን ያየው?

ጥቅምት 23

ምሳ ሰዓት ላይ ሦስት ሳህን አቀረበች። ከዚያ አንዱን አነሣች።

ጥቅምት 26

ቶክሳንባይ ደወለ። «ጋሼ፣ ሰማሁ። አዝናለሁ። የፈለጉት ፈረስ ከእኔ ይውሰዱ።» ዛሬ ደግ መሆኑ ነው! ምን ይዞ ነው? ፈረሱን አሰልጥኖ ሊያስጥለኝ ይሆናል። እምቢ አልኩት። ሹባርን ነው የምጋልበው፣ በጉቶው። ፈረስ በጭራው አይሮጥም። «ሬሳ መጣ» ይበሉ፤ ፍየሉን ከእጃቸው ስነጥቅ ሬሳ የሚያደርገውን ያያሉ።

ይህን ለባልሸከር ስነግራት ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። እንግዲህ የእሷም እጅ ያንሸራትታል።

ጥቅምት 30

ነገ ነው። ከሰዓት ኮርቻውን ደጅ አውጥቼ ጠፍሩን በስብ ሳሽ መጥታ ከፊቴ ቆመች። በደረቷ የታቀፈችው ነገር አለ። የሰርጓ ሻሽ ነው፤ ነጩ፣ ከሣጥን የማይወጣው። ኮርቻው ላይ አስቀምጣ ፈታችው። የሹባር ጭራ። ታጥቦ፣ ተበጥሮ፣ ተጎንጉኖ።

በግራ እጄ ዳሰስኩት።

«እኔ ነኝ» አለች። «ለጠብ አይደለም የቆረጥኩት። ለሞተ ነው።»

«በቁሜ?!»

«በቁምህ። ሬሳህን ነገ ከምቀበል ዛሬ ቆመህ እያየኸኝ ላልቅስልህ ብዬ። ጭራው የተቆረጠ ፈረስ አትጋልብም፣ ታፍራለህ ብዬ ነበር። አንተ ግን አታፍርም።»

«ኦተገንስ? ኮቴውን አይቻለሁ!»

«ሊከለክለኝ ነው የመጣው። ጋጣው ክፍት ነበር፤ አልቆለፍከውም። እሱ ሲደርስ ቆርጬ ጨርሻለሁ። ራሱን ይዞ ጮኸ። ከዚያ ግን "ለማንም አትንገሪ፣ በእኔ ይሁን" አለኝ።»

«ለምን በእሱ ይሁን?»

«እኔም ጠየቅኩት። "እኔን ቢጠላኝ ከእኔ ይቀራል፤ አንቺን ቢጠላሽ መድኃኒቱን ከማን እጅ ይውጣል?" አለ።» ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «መድኃኒቱን ደግሞ አመዱ ውስጥ አገኘሁት። በየቀኑ ነው የማገኘው። ወንዝ ዳር ልናገር ስል ቀደመኝ፤ ከዚያ ወዲያ ፈራሁ። እኔም ጥፋተኛ ነኝ። አሁን የፈለግከውን አድርግ። ከፈለግክ ጋልብ።»

ሻሹን አላነሣችም። ትታልኝ ገባች።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እስኪጨልም ስንት ነገር አሰብኩ መሰላችሁ። ለማን ነው «መሰላችሁ» የምለው? ደብተሩን ማን ያነበዋል? ሠላሳ ዓመት ከጎኔ ያልጠፋ ሰው፣ የፈረሱን ጭራ ሰብስቦ ያዘልኝ፤ እኔም ቆረጥኩት። አላህ ያያል። እኔ ነኝ የማላይ።

ኅዳር 1

አልሄድኩም።

ከጠዋት ጀምሮ ጩኸቱ ይሰማል። ነፋሱ ከሜዳው ወዲህ ነው። ሹባር ጆሮውን ቀስሮ በር በሩን ያያል። እኔም።

ከቀትር በኋላ፦ ጩኸቱ በረታ። ፍየሉ ተነሥቷል ማለት ነው። ማን ይሆን? ግፊያውንስ ማን ሰንጥቆለት?

ምሽት፦ አሁን ረጋ ብዬ ልጻፍ። በግራ እጄ ነው የምጽፈው፤ ስለዚህ ፊደሉ እንደ ዶሮ ጭረት ነው።

የኮቴ ድምፅ ወደ መንደሩ መጣ። አንድ ፈረስ ብቻ፣ ከኋላው ሕዝብ። ኋላ ግራው ጫማው የተጣመመ ነው፤ ሳላየው ለየሁት። ወጣሁ። ኦተገን ነው፤ ቶሪ ላይ፣ በዚያች ጉቶ ጭራ። ፊቱ ተጭሯል፣ ሸሚዙ ተቀዷል፣ ፍየሉ ከጭኑ ሥር። ደጄ ደርሶ አለንጋውን ከጥርሱ አወጣና ፍየሉን ከደፌ ላይ ወረወረው። ዷ!

ኮክፓር የተጣለበት ቤት የተባረከ ነው። ሥጋውን የታመመ ሰው ይበላዋል፤ በሽታ ያወጣል ይባላል። ፈረሰኛው ድካሙን የሚጥለው በሚያከብረው ሰው ደጅ ነው። ሜዳው ላይ ባለ ድግሱ ነበር፣ ሹመኞቹ ነበሩ፤ እሱ የእኔን ደጅ መረጠ። ቶክሳንባይ በመኪናው ተከትሎት መጥቶ ነገረኝ፤ ቀኑን ሙሉ «የማን ሬሳ ነው የሚጋልበው?» እያሉ ሲስቁበት ዋሉ አሉ። ሌላ ፈረስ ቢሰጠውም አልወስድም አለ። «ብቻውን ገብቶ ብቻውን አነሣው፣ ጋሼ!» አለ፤ ከዚያ ቶሪን አይቶ «እንትፍ እንትፍ!» አለ። ያልጠበቅኩት ሰው።

ኦተገን ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ጭራ የተቆራረጡ ሰዎች አይነጋገሩም፤ ሥርዓቱን ያውቃል። ቶሪ ላይ ተቀምጦ ወደ ካራታው ያያል። እንደ ደንቡ ፍየሉን አንሥቶ ከደፍ የሚያሳልፈው አባወራው ራሱ ነው። ሕዝቡ ይጠብቃል። ባልሸከር በሩ ላይ ቆማ አፏን ይዛለች።

ጎንበስ አልኩ። የፊት እግሩን ያዝኩ። ጣቶቼ ሲጨብጡ አየሁ። ቀና ስል ፍየሉ መሬት ላይ ነው።

ቅባት አልነበረም።

«አልችልም» አልኩ። ለማን እንዳልኩት እንጃ። ከዚያ ጮክ ብዬ ደገምኩት፤ መንደሩ ሁሉ ሰማ። «እጄ አይሰማኝም። ከመስከረም ጀምሮ አይሰማኝም። የቶሪን ጭራ የቆረጥኩት በሐሰት ነው፣ ኦተገን። ይቅር በለኝ።»

አልዞረም። እግሩን ከእርካቡ ሲያወጣ አየሁ፤ ቀስ ብሎ ወረደ፤ የእሱም ጉልበት እንደ ድሮው አይደለም ለካ። መጥቶ አጠገቤ ቆመና ፍየሉን አየው፣ እኔን አየኝ።

«ታዲያ» አለ፣ «መሰላል ላምጣልህ?»

ሳቅኩ ብዬ ልጽፍ ነበር። አልሳቅኩም፤ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት፣ ሰው ሁሉ እያየ። ሦስታችን ሆነን ፍየሉን አነሣነው፤ እሱ ከፊት፣ ባልሸከር ከኋላ፣ እኔ በግራ እጄ ከመሐል። ከደፍ አሳለፍነው። የአባቴን ካባ አውጥቼ ትከሻው ላይ ጣልኩለት። «ጠበበኝ፤ አባትህም እንዳንተ ድንክ ነበር» አለኝ። ባልሸከር ሦስት ሳህን አቀረበች።

ሹባር፦ አጃ ሁለት ጣሳ፣ ድርቆሽ። ከእንግዲህ የሚጋልበው ኦተገን ነው፤ ጭራው ሲያድግ።

ሳርሰን፦ ኪኒን አንድ። ዋጥኩት። ባልሸከር ግን አገጬን ይዛ አፌን አስከፈተችና ከምላሴ ሥር ፈለገች። አላመነችኝም። እውነቷን ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።